ለአሮጌ መኪና ሙቀት መስጠት፤ የሆት ሮድ ማሞቂያ አሠራርና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማመንጫ ሲነገርበት በኖረው በዚህ መድረክ ላይ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ማሞቂያ ልናገር መቆሜ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ ትልቁም ሆነ ትንሹ ሥራ የሚመራው በአንድ ዓይነት የተፈጥሮ ሕግ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሌላው ሰው ሠርቶ በጨረሰው ነገር ላይ አዲስ ነገር መጨመር ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ብዙ ማስተዋልን የሚጠይቅ መሆኑን፣ በሥራ ብዙ ዓመት የቀደማችሁኝ ታላላቆቼ ከእኔ አብልጣችሁ ታውቁታላችሁ። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ትንሽ ነገር ቢሆንም፣ መድረሻው የሰው ሕይወት ነው።

ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ሆት ሮድ የሚባለው መኪና የተወለደው በአሜሪካ፣ በተለይም በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. የዚያ አገር ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ ዋጋ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውን እየፈቱ፣ ክብደቱን እየቀነሱ፣ ሞተሩን እያጠናከሩ ሙሮክና ኤል ሚራዥ በሚባሉት ደረቅ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ፍጥነታቸውን በሥርዓት የሚለካላቸው ማኅበር አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው ፍቅር ወደ መላው አሜሪካ ተዛመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በስሙ የተሰየመ መጽሔት ወጣለት፣ በ1949 ደግሞ በዩታ ክፍለ ግዛት በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ የፍጥነት ሳምንት ተጀመረ።

ከእነዚህ መኪናዎች ሁሉ እጅግ የተወደደው እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ፎርድ ነው። በዚያ ዓመት ፎርድ ስምንት ሲሊንደር ያለው የ«ቪ» ቅርጽ ሞተር በርካሽ መኪና ላይ አቀረበ። የሞተሩ ይዘት 221 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 3.6 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ጉልበቱም 65 የፈረስ ጉልበት ነበር።

ይህ መኪና ማሞቂያ ያልነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያን ዘመን ማሞቂያ ከመኪናው ጋር የሚመጣ ሳይሆን ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ ነበር። ሁለተኛ፣ ለሆት ሮድ ሠሪው እያንዳንዱ ኪሎ ጠላቱ ነበር፤ የካሊፎርኒያም ክረምት ቢሆን ያን ያህል አያስጨንቅም። ዛሬ ግን መኪናዎቹ ከዚያ ሞቃት አገር ወጥተው በኮሎራዶና በሚኒሶታ ብርድ ውስጥ ይነዳሉ። ብቻውን የሚሽቀዳደመው ወጣት አርጅቶ የልጅ ልጁን ከጎኑ አስቀምጧል። የመኪናው ተግባር ሲለወጥ መሐንዲሱ የሚመልሰውም ጥያቄ አብሮ ይለወጣል።

ሙቀቱ ከወዴት ይመጣል?

አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ 32 ሜጋጁል ያህል ኃይል አለው። መኪናው በሰዓት 8 ሊትር ቢያቃጥል፣ ይህ በአማካይ 71 ኪሎዋት ያህል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማ የሚሄደው ከሩብ አይበልጥም። የቀረው ግማሽ በግማሽ ያህል በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ወደ አየር ይበተናል። እንግዲህ 20 ኪሎዋት የሚያህል ሙቀት በውሃው ውስጥ እየዞረ ሳለ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የተቀመጠው ሰው በብርድ ይንዘፈዘፋል ማለት ነው። ችግሩ የሙቀት እጥረት ሳይሆን የመንገድ እጥረት ነው።

የሚያስፈልገውን መጠን ደግሞ እናስላው። የውጭው አየር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር ከውጭ ወስደን 40 ዲግሪ ለማድረስ 4 ኪሎዋት ያህል ይበቃል። ይህን ሙቀት ለማቅረብ በደቂቃ 5 ሊትር ውሃ በማሞቂያው ውስጥ አልፎ 11 ዲግሪ ያህል ቢቀዘቅዝ በቂ ነው፤ ሞተሩ ጉዳዩን አይሰማውም እንኳ።

በኤሌክትሪክ ማሞቅስ አይቻልምን? የሚሉ አይጠፉም። 4 ኪሎዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ ከ330 አምፔር በላይ ይሆናል። ከ6 ቮልት ሲወሰድ ደግሞ እጥፉን ይጠይቃል። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ተሰክቶ የሚሠራው ትንሽ ማሞቂያ 150 ዋት ያህል ስለሆነ፣ እጅ ያሞቅ እንደሆነ እንጂ ተሳፋሪ አያሞቅም። ስለዚህ የሚቀሩት ሁለት ምንጮች የጭስ ማውጫውና የሞተሩ ውሃ ናቸው። የንግግሬም ዋና ፍሬ ነገር ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ የሚለው ነው።

ፈጣኑ መንገድና አደጋው

ከታሪክ አንጻር የቀደመው የጭስ ማውጫው መንገድ ነው። ከ1928 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ለተሠራው ለሞዴል ኤ ፎርድ ይሸጥ የነበረው ማሞቂያ፣ ከሞተሩ ጎን ያለውን ትኩስ የጭስ ማውጫ በቆርቆሮ ሸፍኖ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚነፋውን አየር በላዩ ላይ አሳልፎ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚያስገባ ነበር። ዋጋው ርካሽ፣ ሥራው ቀላል፣ ሙቀቱም ፈጥኖ የሚደርስ ነው። ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እግር ይሞቃል።

ነገር ግን በዚህ አሠራር በተሳፋሪው ሳንባና በሞተሩ ጭስ መካከል ያለው መከላከያ አንድ የብረት ግድግዳና አንድ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው። ብረቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ይሰነጠቃል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ ማራገቢያው ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይዱንም እየነፋ ያስገባል።

በአገራችን ይህን ጋዝ በስሙ የማያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ በሥራው የማያውቀው የለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አያይዞ የተኛ ሰው ሳይነቃ እንደሚቀር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ጢሱ ስለጠፋ ከሰሉ ንጹሕ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን ዓይን የሚያቃጥለው ጢስ ሳይሆን የማይታየውና የማይሸተው ነው። ይህ ጋዝ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ በመጨረሻም ያስተኛል። መሪ የጨበጠ ሰው ደግሞ ሲተኛ ብቻውን አይተኛም።

በዴንቨር ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ወዳጄ የ1932 ፎርድ አካል ያለው ሆት ሮድ ገዝቶ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ከላይ እንዳመለከትሁት ዓይነት የቆርቆሮ ማሞቂያ ገጥሞበታል። በክረምት ወራት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ሁልጊዜ ራሷን ያማት ነበር፤ ከመኪናው ወርዳ ጥቂት ከቆየች በኋላ ይተዋታል። ቤተሰቡ ነገሩን የመኪና ጉዞ የማይስማማት ልጅ ጠባይ አድርጎ ወሰደው። በኋላ ግን ቤት ውስጥ የሚሰቀለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኪናው ውስጥ አስቀምጠን ማሞቂያውን በከፈትን ጊዜ፣ መሣሪያው ብዙ ሳይቆይ ጮኸ። ሽፋኑን ስንፈታ የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን በአንድ በኩል ተቃጥሎ፣ ጥቀርሻው በቆርቆሮው ላይ እንደ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። ልጅቱን የመኪና ጉዞ አልከለከላትም፤ በሽታዋ ማሞቂያው ነበር።

የውሃው መንገድ

ከዚህ የተነሣ የምመክረው በሞተሩ ውሃ የሚሠራውን ማሞቂያ ነው። በዚህ አሠራር ቢሰነጠቅም እንኳ የሚፈሰው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይታያል፣ ይሸታል፣ እግር ያርሳል። ጉድለቱን ራሱ የሚናገር አሠራር ጉድለቱን ከሚሰውር አሠራር ምንጊዜም ይመረጣል። ሥራውም በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን መልካም ነው።

በመጀመሪያ ቀዳዳ ይደፈን። ማሞቂያ ከመግዛት በፊት በፍሬንና በፍሪሲዮን መርገጫዎች ዙሪያ፣ በመሪው ዘንግ መግቢያና በወለሉ መጋጠሚያ ያለው ክፍተት ሁሉ መዘጋት አለበት። በሴኮንድ 30 ሊትር ቀዝቃዛ አየር ብቻ ቢገባ፣ በውስጥና በውጭ መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ለመጠበቅ 1.2 ኪሎዋት ያህል ይበላል። ያልተሸፈነ የብረት አካል ደግሞ ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ቢሆን ወደ 1.8 ኪሎዋት ያባክናል። እሳት የማይዝ መሸፈኛ በወለሉና በግድግዳው ላይ ሲነጠፍ ይህ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። የቀዳዳው መደፈን ጥቅሙ ለሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ ክፍል የሚመጣውን ጭስም ይከለክላል።

ሁለተኛ፣ የጭስ ማውጫው ይመርመር። ብዙ ሆት ሮዶች ለድምፅና ለመልክ ሲባል ቱቦአቸው አጥሮ ከወለሉ ሥር ያበቃል። መኪናው ሲሄድ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ አየር ስለሚፈጠር ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቱቦው ከአካሉ ጠርዝ አልፎ እንዲወጣ ማድረግ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ ቴርሞስታት ይኑረው። «ሞተሩ እንዳይግል» ተብሎ ቴርሞስታቱ የተነቀለበት መኪና ምን ዓይነት ማሞቂያ ቢገጠምለት አይሞቅም፤ ውሃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ ይሮጣልና። 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ለአብዛኛው ሥራ ተስማሚ ነው። በብርድ አገር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ውሃና ግላይኮል ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ያህል ድረስ አይረጋም፤ ሆኖም ፈሳሹ መርዝ ስለሆነና ጣዕሙም ስለሚጣፍጥ ከልጆችና ከእንስሳት መራቅ አለበት።

አራተኛ፣ የውሃው መውሰጃና መመለሻ በትክክል ይመረጥ። በጥንቱ የፎርድ «ቪ» ስምንት ላይ ትኩሱ ውሃ ከቴስታታው ይወሰዳል፤ የቀዘቀዘውም ፓምፑ ውሃ ወደሚስብበት ወገን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣውና በብዙ ሆት ሮዶች ላይ በሚገኘው የሸቭሮሌ ሞተር ላይ ደግሞ መውሰጃው ከቴርሞስታቱ አጠገብ፣ መመለሻውም በውሃ ፓምፑ ላይ ተዘጋጅቶ ይገኛል። መርሑ በሁለቱም አንድ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል የግፊት ልዩነት ከሌለ ውሃው አይዞርም። ማሞቂያው ከራዲያተሩ አፍ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አየር ይታሰርበታልና የማስተንፈሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

አምስተኛ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ሁሉ ከተሳፋሪው ክፍል ውጭ ይሁን። 80 ዲግሪ የሞላው ውሃ በነጂው እግር ላይ ቢፈስ ሥጋን ከመቀቀሉም በላይ መሪ ያስለቅቃል። በብረት ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ በጎማ ቀለበት ይጠበቅ፤ ከጭስ ማውጫውም ይራቅ። ትኩሱ ውሃ በሚገባበት ላይ መዝጊያ ቢደረግ፣ በበጋ ሙቀቱን ለማቆም፣ በአደጋም ጊዜ ውሃውን ለመግታት ይረዳል።

ስድስተኛ፣ ኤሌክትሪኩ ይታሰብበት። 72 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በ12 ቮልት 6 አምፔር፣ በ6 ቮልት 12 አምፔር ይስባል። ሽቦው ለዚሁ የሚበቃ ውፍረት፣ ከባትሪውም አጠገብ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። የጥንቱ ፎርድ 6 ቮልት ከመሆኑም በላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ቋሚ ማግኔት ያለው የዘመኑ ሞተር በዚህ ላይ ሳይታሰብ ቢገጠም ወደ ኋላ ይዞራል።

ሰባተኛ፣ የፊት መስተዋቱ አይረሳ። ሁለት ሰዎች በሰዓት 100 ግራም ያህል የውሃ እንፋሎት ከትንፋሻቸውና ከገላቸው ያወጣሉ። በዜሮ ዲግሪ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው 5 ግራም የማይሞላ ነው። ጣሪያዋ ዝቅ የተደረገች ትንሽ መኪና ውስጥ ያለው አየር 2 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መስተዋቱ በጉም ይሸፈናል። ስለዚህ ከሙቅ አየሩ አንዱ ክፍል በጠባብ አፍ ወደ መስተዋቱ መነፋት አለበት። የውስጡን አየር ብቻ እያዞሩ ማሞቅ እርጥበቱን አያወጣም። ናሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ያቀረበው አሠራር ትልቅ እርምጃ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አየሩን ከውጭ ወስዶ፣ አጣርቶና አሙቆ በማስገባቱ በመኪናው ውስጥ ጥቂት ከፍ ያለ ግፊት ይፈጠራል፤ አቧራና ጭስም ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ወደ ውጭ ይገፋል። የ1932 ፎርድ ከፊት መስተዋቱ ሥር የሚከፈት የአየር መግቢያ ስላለው፣ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ ይህንኑ መጠቀም ይቻላል። ከሞተሩ ክፍል ግን ከቶ አየር አይወሰድ።

በመጨረሻም ይፈተን። የማሞቂያው ራዲያተር ከመገጠሙ በፊት አየር ተነፍቶበት ውሃ ውስጥ ይነከር። ሥራው ካለቀ በኋላ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ተይዞ፣ መኪናው ቆሞ፣ ቀጥሎም እየሄደ፣ መስኮቱ ተዘግቶም ተከፍቶም ይለካ። ማስጠንቀቂያው ከዚያ በኋላም ከመኪናው አይውጣ።

ከፍታና የእኛ አገር

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ግፊት በሌለው ራዲያተር ውስጥ ውሃ በዴንቨር 95 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የ1932ቱ ፎርድ ራዲያተር የግፊት ክዳን ስላልነበረው፣ 82 ዲግሪ ላይ በሚከፈት ቴርሞስታትና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ 10 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። አየሩም ከባሕር ወለል ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ማራገቢያ የሚያደርሰው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ወደ ከፍታ ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሞተሩ አብዝቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በደጋ ከተማ የሚነዳ፣ ካርቡሬተሩ ያልተስተካከለ፣ ጭስ ማውጫውም የተበሳ አሮጌ መኪና፣ ሆት ሮድ ቢባልም ባይባልም፣ አደጋው አንድ ነው። ለብዙ ዓመታት በከተማችን ሲመላለሱ የኖሩት ቮልስዋገኖች ሞተራቸው በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የማሞቂያ ውሃ የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1963 ሞዴል በፊት የነበሩት ሞተሩን ያቀዘቀዘውን አየር ራሱን ወደ ውስጥ ያስገቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ ንጹሕ አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ አሙቀው ያስገባሉ። ሁለቱም ቢሆኑ የብረቱ ጤንነት መታመኛቸው ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ማሞቂያውን ከመክፈቱ በፊት ከሥሩ ያስመርምር።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

በአሮጌ ሥራ ላይ አዲስ ነገር ስንጨምር ሦስት ጥያቄ ልንጠይቅ የሚገባን ይመስለኛል። አንደኛው፣ የምንጨምረው ነገር የሚሰጠው ምንድን ነው? የሚል ነው፤ ይህን ሁሉም ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ሲበላሽ የሚያመጣው ምንድን ነው? የሚል ነው፤ ይህን የሚጠይቀው መሐንዲስ ነው። ሦስተኛው፣ ነገ ሌላ ሰው ሊያነሣው ቢፈልግ፣ የመጀመሪያውን ሥራ ሳያፈርስ ይችላልን? የሚል ነው። የ1932 የብረት አካል ዳግመኛ ከዚያ ፋብሪካ አይወጣም። ስለዚህ ባሉት ቡሎኖችና ባሉት ቀዳዳዎች መጠቀም፣ የተጨመረውንም በሥዕል መዝግቦ ከመኪናው ጋር ማስቀመጥ፣ ለቀደመው ሠሪም ለሚመጣው ባለቤትም ክብር መስጠት ነው።

የጭስ ማውጫው ማሞቂያ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ ፈጥኖ ያሞቃልና። በሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ሙያችን ግን የሚመዘነው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከፋብሪካ፣ ከሕንፃና ከመንገድ ሥራችን መካከል በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ የታለፈ ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን ብንመረምር፣ ይህ የአንዲት አሮጌ መኪና ወሬ በከንቱ አልተነገረም ለማለት ይቻላል።